ወረቀቱን በጣቷ ነካችው

ውድ አዘጋጅ፣

የ4 ዓመት ልጄ በታብሌት ፊደል ለየች ብዬ ስኮራ ነበር። «ሀ»ን ስትነካ ድምፅ ይወጣል፣ ጭብጨባ ይከተላል። አንድ ቀን እርሳስ ሰጥቼ «እስቲ ጻፊልኝ» አልኳት። ወረቀቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን ደነገጥኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ቁጭ ብለው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ከዚያ ቢያጥር ደግሞ ይመረጣል ይላል። ከ1 ዓመት በታች ላሉት ጭራሽ አይመክርም።

እኔ ግን ሰዓት መቁጠሩ ብቻውን አይዋጥልኝም። ሕፃን ልጅ ከቪዲዮ ይልቅ ፊት ለፊቱ ካለ ሰው ቃል መልመድ ይቀለዋል። ሰው ዓይኑን አይቶ ይመልስለታል፤ ሲሳሳት ይጠብቀዋል። ስለዚህ የሚያዩትን አብረን እንይ። «ይሄ ለምን አለቀሰ?» ብለን እንጠይቅ። ሥራ ሲበዛብኝ ታብሌቱን የማቀብላት እኔው ነኝ፣ አልዋሽም።

መዋዕለ ሕፃናትም የቤት ሥራ በስልክ ብቻ ባይልኩ ጥሩ ነው። በእርሳስና በወረቀት የሚሠራም ይስጡን።

አንዲት እናት