ቮልሷ ተነሳች፦ የመኪና ጥገና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የትምህርት ቤታችን ክበብ ሥራ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ሞተር አውርዶ ለወራት የሚያስቀምጡበት ቦታ ግቢያችን ውስጥ ስለሌለ፣ ወላጆች በፊርማ ፈቅደው ቅዳሜ ቅዳሜ ከ3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት እኔ ቤት ጋራዥ ተሰባሰብን። መኪናዋ የሟች አጎቴ ቮልስዋገን ናት። ሊብሬዋ ላይ እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት ይላል። ሞተሯ ባለ 1200፣ መብራቷ በ6 ቮልት የሚሠራ፣ አራት ማርሽ ያላት። ከቆመች 14 ዓመት ሆኗት ነበር። በሯን ስንከፍት የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ጥላበት አገኘን።

የመጀመሪያው ወር በክርክር አለቀ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የአሜሪካ ሆት ሮድ (ለፍጥነት ተብሎ የተቀየረ አሮጌ መኪና) ፎቶ አሳትሞ መጣና ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። የ1930ዎቹ ፎርድ ሮድስተር ፒክአፕ ናት። ጣሪያ የላትም። ፓራፋንጎዋ ወልቋል፣ ሞተሯ ያለ ኮፈን ይታያል፣ ከኋላ አጭር የጭነት ሳጥን አላት። «ቲቸር፣ ቮልሷን እንደዚህ እንቁረጣት» አለኝ። ግማሹ ክፍል አጨበጨበለት።

እንዲሁ እምቢ ማለት አልፈለግሁም። ሁለት ቅዳሜ ሰጠነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 በርካሽ መኪናው ላይ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ገጥሞ ነበር። የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርዶችን በትንሽ ገንዘብ ይገዛሉ። ክብደት ለመቀነስ ፓራፋንጎውን ይፈታሉ። ከተጋጨ መኪና የወጣ ሞተር ይገጥሙና እንደ ሙሮክ ባሉ የደረቁ ሐይቆች ላይ ይወዳደራሉ። ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው በቤት ጋራዥና በጓሮ ነበር። ይህን ታሪክ ስነግራቸው ልጆቹ ዝም ብለው ነው ያዳመጡኝ። በእጃቸው ያለችውም መሣሪያ ከእነዚያ ወጣቶች ብዙም አትሻልም።

ቮልስ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ያ ፎርድ የተቀመጠው ራሱን በቻለ ወፍራም ሻንሲ ላይ ነው። የቮልስ ወለል ጥንካሬውን የሚያገኘው ከላይ ከታሰረበት ቦዲ ጭምር ነው። ጣሪያውን ከቆረጡ ጎኑን በብረት ማጠናከር የግድ ነው። የእኛ የብየዳ ችሎታ ደግሞ ገና እዚያ አልደረሰም። በወረቀት ሣጥን ጣሪያ ያለውና የሌለው መኪና ሠርተን ጠመዘዝናቸው። ልዩነቱን በእጃቸው አዩት። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ፤ 9 ለ 6 ሳትቆረጥ ትጠገን ተባለ። ፎቶው ግን እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ። እኔም እንዲነሳ አልፈልግም።

ከኅዳር ጀምሮ አንድ ጡረታ የወጡ የሰፈራችን መካኒክ በፈቃዳቸው አብረውን ሠሩ። ልጆቹ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ይህ ዘገባ አይጻፍም ነበር። መጀመሪያ ያስተማሩን ቋንቋ ነው። የመማሪያ መጽሐፋችን በእንግሊዝኛ የሚጠራቸው ዕቃዎች ጋራዥ ውስጥ ከጣሊያን የመጣ ስም አላቸው። ፍሪሲዮን (ክላች)፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ኩሽኔታ (ቤሪንግ)፣ ካንዴላ (ስፓርክ ፕለግ)፣ ቴስታታ (የሲሊንደር ራስ)፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ)። ተማሪዎቹ የእንግሊዝኛውን ስም፣ የጋራዡን ስምና የዕቃውን ሥራ ጎን ለጎን ጽፈው በትልቅ ወረቀት ሰቀሉ። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ፍለጋ ስንሄድ ወረቀቱ ውጤቱን አሳየ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን» (ማሸጊያ) ብላ ስትጠይቅ ሻጩ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያም ወንበር ሰጣት።

በጣም ያደከመን ወለሉ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። አሲዱ ለዓመታት ሲንጠባጠብ ብረቱን በልቶት ነበር። ምንጣፉን ስናነሳ መሬት ታየን። ጋሼ የሚያውቋቸው ባትላሜራ መጥተው ላሜራ እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚታጠፍ አሳዩን። ብየዳውን ራሳቸው ሠሩ። ልጆቹ ዝገት ፋቁ፣ ጸረ ዝገት ቀቡ። ጥርና የካቲት በዚህ አለቁ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ነው፤ ምንጣፍ ሲነጠፍበት ማንም የማያየው ሥራ።

የሞተሩ ማውረድ ቀላል ነበር። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዝባቸውን አራት ቡሎኖች፣ የቤንዚን መስመሩን፣ የነዳጅ መስጫ ገመዱንና ጥቂት ሽቦዎችን ከፈታን በኋላ በክሪክ ደግፈን ወደ ኋላ ሳብነው። ያረጀውን የቤንዚን ጎማ የጣልነው ያን ዕለት ነው። ቮልስ በእሳት የምትጠፋው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በተነሳ ነውና ቤቱ ቮልስ ያለው ወላጅ ሁሉ ዛሬውኑ ያስፈትሽ።

በዚህ መሀል አንዲት ተማሪ ከባድ ጥያቄ አነሳች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። «ታዲያ ካርቡራተር ምን ያደርግልናል?» አለች፤ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን ዕቃ ማለቷ ነው። ፍሬን፣ መሪ፣ ኩሽኔታና ሽቦ በኤሌክትሪክ መኪናም ላይ አሉ ብዬ መለስኩላት። ይህች ልጅ ከዚያ በኋላ የመኪናዋን ሙሉ ሽቦ በቀለም ለይታ ሳለች። በሚቀጥለው ዓመት የኤሌክትሪክ ሞተር ፈትተን ማየት እንዳለብን ታምናለች። እኔም አምናለሁ።

ግንቦት ላይ ሞተሩ ተመልሶ ገባ። የፑንቲናውን (የካንዴላውን እሳት ጊዜ የሚወስነውን መገናኛ) ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር አድርገን አስተካከልን። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው አሽከረከረ፤ ሞተሩ ግን በካርቡራተር በኩል እሳት ተፍቶ ዝም አለ። ሦስት ቅዳሜ ለፋን። ካርቡራተሩን አጠብን፣ ቦቢናውን (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን መጠምጠሚያ) ቀየርን፣ አልሆነም። አንዳንድ ልጆች መምጣት አቆሙ። ጋሼ ያን ሰሞን ታመው ነበር። ሲመለሱ ወደ ካንዴላ ገመዶቹ አንድ ጊዜ አዩና «ማን ነው የገጠመው?» አሉ። ገመዶቹ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ተብለው ነበር የተገጠሙት። እንደ ኮሮላ ያሉ ባለ አራት ሲሊንደር መኪናዎች ቅደም ተከተል ይህ ነው። ቮልስ ግን ሲሊንደሮቿ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተኙ ናቸው። የእሷ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። የገጠመው ፎቶውን የለጠፈው ልጅ ነበር። ጋሼ አልተቆጡትም። «ፍታና አንተው ግጠመው» አሉት።

በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። ያን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎረቤት ሁሉ ከግቢው ወጣ። ልጁ እጁን ከኮፈኑ ላይ ማንሳት አልቻለም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፍሬኗን አየር አስወጥተን በሰፈሩ ዳገት ላይ ሞክረናታል። ፋብሪካው የሰጣት 34 የፈረስ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ይሳሳል፤ ሩብ የሚሆነው ጉልበት እዚሁ ይቀራል። የፊዚክስ መምህራችን ይህን ለ11ኛ ክፍል መልመጃ አድርገውታል።

በጥቅምት 15 ሆነን ጀምረን 11 ሆነን ጨርሰናል። ቀለምና ወንበር ለ2018 ይቆያሉ። አሁን የቸገረን አንድ ነገር ነው፤ ባለ 6 ቮልት የፍሬቻ አምፖል ሶማሌ ተራም ምናለሽ ተራም አጣን። ቤቱ ውስጥ ያለው ወላጅ ካለ ሁለት ፍሬ ይበቃናል።