ከእርሻው የሚደርሰኝ ድርሻ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? አባዬስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ስልክ ላይ «ለመሆኑ ትኩስ ነገር ትበያለሽ?» ብለሽኝ ነበር። መስመሩ ተቆራረጠብንና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። እበላለሁ እማዬ፣ ያውም በዚያው ቀን ጠዋት የተቀጠፈ።

እኛ አቅራቢያ አንድ እርሻ አለ። ገና ብርዱ ሳይወጣ፣ ዘር ሳይዘራ፣ የወቅቱን ገንዘብ አስቀድመን እንከፍላለን። ገበሬዎቹ በዚያ ዘር ይገዛሉ፣ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። አዝመራው ሲደርስ ደግሞ በየሳምንቱ ድርሻችንን በሳጥን እንወስዳለን። ዝናቡ ሲሰምር ሳጥኑ ይሞላል። በረዶ ቲማቲሙን ከመታው ግን ቲማቲም የለም፣ ገንዘቤን መልሱ ማለትም የለም። ይህ አሠራር አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ማሳቹሴትስና ኒው ሃምፕሻየር ባሉ ሁለት እርሻዎች ነው። ጃፓኖች ግን ከዚያ ቀድመው «ቴይኬይ» የሚሉት ተመሳሳይ ነገር ነበራቸው። እኔ በጣም ወድጄዋለሁ። ገበሬው ብቻውን የሚከስርበት ገበያ ልክ አይመስለኝም።

ታዲያ መምረጥ የለም፤ መሬቱ የሰጠውን ነው። ምን ልሥራ የሚለው የሚወሰነው ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ከነቅጠላቸው፣ ፐርሰሜሎ፣ በሶብላ፣ የመጣው ይመጣል።

ዋናው ሥራ ቤት እንደገባሁ የማደርገው ነው። መጀመሪያ የካሮቱንና የቀይ ሥሩን ቅጠል እቆርጣለሁ። ካልተቆረጠ ከሥሩ ውኃ እየሳበ ያጠወልገዋል። የቀይ ሥሩ ቅጠል ታዲያ አይጣልም። ቀይ ሥርና ቆስጣ እኮ ዘራቸው አንድ ነው፤ ቅጠሉን በነጭ ሽንኩርት ጠብሰሽ ብትቀምሺው አትለዪውም። ሰላጣውን አፈሩን አራግፌ፣ ረጠብ ባለ ጨርቅ ጠቅልዬ ፍሪጅ አስገባዋለሁ። የማጥበው ሊበላ ሲል ነው።

ፐርሰሜሎውን ከግንዱ ጫፍ ትንሽ ቆረጥ አድርጌ እንደ አበባ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቆመዋለሁ፤ ከላዩ ላስቲክ ደፍቼበት ወደ ፍሪጅ። በሶብላውም ውኃ ውስጥ ይቆማል፣ ግን ፍሪጅ አይገባም። ብርድ አይችልም፣ ቅጠሉ ይጠቁራል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ኩሽናውን በሙሉ ያውደዋል፤ በር ስከፍት መጀመሪያ የሚቀበለኝ እሱ ነው።

አበላሉም ተራ አለው። ሰላጣና ስፒናች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማለቅ አለባቸው። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ለሳምንታት ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ሰው ቦታ ያዘብኝ ብሎ ከጎመኑ ይጀምርና ሰላጣው ይበሰብስበታል። ያ ያናድደኛል፣ የሰው ላብ ነው።

ሲበስል ደግሞ ሮዝመሪና ጦስኝ ጠንካሮች ስለሆኑ ከመጀመሪያው ይገባሉ። ፐርሰሜሎ፣ በሶብላና የድንብላል ቅጠል ግን ድስቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ እሳት ላይ ከቆዩ መዓዛቸው ይጠፋል። የድንብላሉን ግንድ አልጥልም። አድቅቄ ከትፌ ከሽንኩርቱ ጋር አቁላላዋለሁ።

የተረፈውን ቅጠል ከትፌ በዘይት ለውሼ፣ በበረዶ መሥሪያው ጉድጓዶች ውስጥ ሞልቼ ፍሪዘር አስገባዋለሁ። ሾርባ ስሠራ አንድ ፍሬ ጣል ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ለእህቴ አደራ ንገሪልኝ። ነጭ ሽንኩርት ወይም እርጥብ ቅጠል በዘይት ዘፍዝፋ ከፍሪጅ ውጪ እንዳታስቀምጥ። ዘይቱ አየር ስለሚከለክል ውስጡ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም ላያስታውቅ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከጥቂት ቀን አይለፍ። ለብዙ ጊዜ ከፈለገችው ፍሪዘር ውስጥ ታስገባው። እሷ እንዲህ አዘጋጅታ ማስቀመጥ እንደምትወድ ስለማውቅ ነው፤ ደብዳቤው እንደደረሰሽ ዛሬውኑ ደውዪላት።

ለሁሉም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ