ብረቱ የሚጠብቀው አጥንቱን ነው

ውድ እማዬ፣

ትናንት በስልክ «እኔ እኮ አሁን ብረት ነኝ፣ ምን ያሰጋሻል?» ስትዪኝ ሳቅሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከአከርካሪ ቀዶ ሕክምናሽ በኋላ ከሆስፒታል ስትወጪ የተሰጠሽ ወረቀት «አትጎንበሺ፣ ከባድ ነገር አታንሺ» ብሎ ዝም ይላል። አንቺ ደግሞ ምክንያቱ ያልተነገረሽን ትእዛዝ ተቀብለሽ አታውቂም። ምህንድስና ያስተማርሽኝ ልጅሽ ምክንያቱን ልጻፍልሽ።

አከርካሪሽ ላይ ተገጥመው ጀርባሽን ያቀኑት ሁለቱ የብረት ዘንጎች ውፍረታቸው 5.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእርሳስ ይቀጥናሉ። ወደ 6 ከፍ ቢሉ ለመታጠፍ ያላቸው እምቢተኝነት በ40 በመቶ ገደማ ይጨምር ነበር። ታዲያ ለምን አልወፈሩም? በጣም የገተረ ዘንግ ሸክሙን ከአጥንቱ ጋር ወደሚያስሩት ብሎኖችና ከብረቱ በላይ ወዳለው አጥንት ይገፋዋል። አንዱን ሲያጠነክሩ ሌላው ይጎዳል፤ ሐኪሞቹ የሚጨነቁት በዚህ መካከል ነው።

ብረትም ይደክማል፣ እማዬ። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ውሎ እንደሚበጠስ ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለ ሰውነት ውስጥ የሚገጠም ብረት በቤተ ሙከራ ሲፈተን እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ ይጫኑታል፣ ይለቁታል። በቀን 5 ሺህ እርምጃ የሚሄድ ሰው ሦስት ዓመት ሳይሞላው እዚያ ቁጥር ይደርሳል፤ እርግጥ እርምጃ ሁሉ የሙከራውን ያህል አይከብድም። ዘንጉ ዕድሜ ልክ እንዲሸከምሽ አልተሠራም። በአጥንቶቹ መካከል የተነሰነሰው ፍርፋሪ አጥንት አድጎ አንድ እስኪያደርጋቸው ብቻ ይዞ ይቆያል። ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። አጥንቱ ከተያያዘ ሸክሙን ይረከባል። ካልተያያዘ ዘንጉ ውሎ አድሮ ሊሰበር ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ወገብ ከዳሌ በሚገናኝበት አካባቢ፣ ጉልበቱ በሚበረታበት ቦታ።

ስለዚህ መራመድሽን አትተዪ። ጠላትሽ መጎንበስ ነው። የጀርባ ጡንቻ ከአከርካሪው መካከል የሚርቀው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 2 ኪሎ ዕቃ ክንድሽን ዘርግተሽ 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ስትይዢ፣ ጡንቻው ለዕቃው ብቻ በ16 ኪሎ ጉልበት መሳብ አለበት። ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ብትይዢው ሸክሙ እጅግ ይቀልልሻል። ስትጎነበሺ ደግሞ የራስሽ ጭንቅላትና ደረት ራሳቸው ሸክም ይሆናሉ።

ብሎኖቹን በተመለከተ ዋናው ነገር የያዛቸው አጥንት ነው። ጥሩ ብሎን ምስጥ በበላው እንጨት ውስጥ ምን ይረባል? አጥንትሽ እንደሳሳ በምርመራ ታይቷል፤ መድኃኒቱን «ዛሬ አላመመኝም» ብለሽ አትዝለዪው፤ ለሕመም የታዘዘ አይደለምና።

የሚቀጥለው ራጅ ቆመሽ ይነሳ፤ ተኝተሽ ራጅ ከተነሳሽ የሰውነትሽ ክብደት ብረቱን ምን እንዳደረገው አይታይም። ሐኪሙን «አጥንቱ ተያይዟል ወይ?» ብለሽ ጠይቂልኝ። ከብረቱ ጫፍ በላይ ጀርባሽ እንደገና መጉበጥ ከጀመረ፣ አዲስ ሕመም ወይም የመሰበር ድምፅ ከተሰማሽ ቀጠሮሽን አትጠብቂ።

ማሰሪያ የሌለው ጫማ ልኬልሻለሁ። አልወደውም እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ግን ሳትጎነበሺ ይጠለቃል።

ልጅሽ