ስለ ዲናሞ ጠምጣሚዎቻችንም ጻፉልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ድሮ ሬዲዮኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግሩንዲጉንና ፊሊፕሱን ስታነሱ፣ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን የሚቀመጠው ሬዲዮ ትዝ ያላለው ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጽሑፉ ቫልቭ፣ ያ በሬዲዮው ሆድ ውስጥ እንደ አምፖል የሚበራው የመስታወት ቱቦ፣ ዛሬ ሙዚየም ካልሆነ የትም አይገኝም ይላል። ኧረ ይገኛል! የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ አምፕሊፋየር፣ ማለትም ለስፒከር ጉልበት የሚሰጠውን የድምፅ ማጉያ፣ መጠገን ነው። ባለፈው ዓመት የምሠራበት ሱቅ ለደንበኞቹ ጉብኝት ሲያዘጋጅ እኔም አብሬ ተሳፈርኩና ባለቫልቭ አምፕሊፋየር ዛሬም የሚመረትበትን ፋብሪካ ዞሬ አየሁ።

ፋብሪካው ማኪንቶሽ ይባላል። አፕል ከሚሠራው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ጋር ዝምድና የለውም። እንዲያውም አፕል ስሙን ለመጠቀም ከእነዚህ ሰዎች ፈቃድ መግዛት ነበረበት። የሚገኘው ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ቢንግሃምተን ከተማ ነው። ከእኛ ዘንድ የፔንሲልቬንያን ተራሮች አቋርጦ አምስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ድርጅቱ ግን የተወለደው እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። ፍራንክ ማኪንቶሽ የተባለው መሐንዲስ በ1949 ያቋቋመው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነበር (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1951 ወደ ቢንግሃምተን ተዛወረ። ዛሬ ጆርጂያ አቬኑን ብትወጡ ብትወርዱ የምታገኙት የሐበሻ ምግብ ቤትና እንጀራ መሸጫ ነው።

ቢንግሃምተንም የዋዛ ከተማ አይደለችም። ኤድዊን ሊንክ የሚባል ሰው፣ አብራሪዎች መሬት ላይ ሆነው የሚለማመዱበትን ማሽን የሠራው እዚያው በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ውስጥ ነው። ያውም በኦርጋን ወናፍ። ይሄን ያነሳሁት የእጅ ሙያ ያለበት ከተማ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው።

መጀመሪያ ያሳዩን ላሜራ የሚቆረጥበትንና የሚታጠፍበትን ነው። ቀጥሎ የፊት መስታወቱ የሚታተምበትን ክፍል። ጥቁር መስታወት፣ አረንጓዴ የሚያበራ ጽሑፍ፣ ሰማያዊ መብራት ያለው ጌጅ። ጎብኚው ሁሉ ስልኩን እያወጣ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ያምራል፣ አልዋሽም። እኔ ግን ዓይኔ ወደሚቀጥለው በር ነበር። እዚያ ትራንስፎርመር ይጠመጠማል።

አንዲት ሴትዮ ማሽን ላይ ተቀምጣለች። የሚያዞረው ማሽኑ ነው፤ ሽቦውን መስመር የምታስይዘው ግን በጣቷ ነው። ሽቦው ደግሞ አንድ አይደለም። ሁለት ናቸው፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው የሚሄዱ። ረድፉ ሲሞላ ታቆማለች። ወረቀት ታለብሳለች። እንደገና ትጀምራለች። አንዱ ሽቦ በሌላው ላይ ሲወጣባት ወደ ኋላ ፈታችው። ፊቷ ላይ ምንም የለም። አስጎብኚው እየጠራኝ እኔ ከዚያ መንቀሳቀስ አቃተኝ።

ለምን መሰላችሁ? ቫልቭ የሚሰጠው ብዙ ቮልቴጅና ትንሽ ከረንት ነው። ስፒከር የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ሽማግሌ ትራንስፎርመሩ ነው። እሱ ከተበላሸ ቫልቩ የፈለገው ዓይነት ቢሆን ድምፁ አይሆንም። በዚያ ላይ ቫልቮቹ የሚሠሩት ጥንድ ሆነው ነው። አንዱ የድምፁን ላይኛ ግማሽ ይገፋል፣ ሌላው ታችኛውን። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ድምፁ ላይ ትንሽ ስብራት ትፈጠራለች። ጆሮ ይሰማታል። ማኪንቶሽና ባልደረባው ጎርደን ጋው ያገኙት መላ ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ መጠምጠም ነው። አንዱ ከቫልቩ አኖድ (ከፖዘቲቭ ጫፉ) ይያያዛል፣ ሌላው ከካቶዱ (ከኔጋቲቭ ጫፉ)። በጣም ስለሚቀራረቡ ርክክቡ ላይ የነበረችው ስብራት ትጠፋለች። በዚህ ዘዴ የሠሩት የመጀመሪያ አምፕሊፋየር 50 ዋት እየሰጠ፣ ጆሮ በሚሰማው ክልል ሁሉ፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርትዝ ድረስ፣ የድምፁ መዛባት ከ1 በመቶ አያልፍም ነበር። ለ1949 ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ እነዚያ ተጣብቀው የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች መካከል ከ400 ቮልት በላይ መኖሩ ነው። የሚለያቸው ሽቦው ላይ የተቀባው ስስ ቫርኒሽ ነው። ጥፍር የጫረችው አንድ ቦታ ካለ፣ ያ ሁሉ ልፋት አንድ ቀን ይጨሳል። ሴትዮዋ ጣቷን ለምን እንደዚያ በቀስታ እንደምታንቀሳቅስ የሚገባው ጠምጥሞ የሚያውቅ ሰው ነው።

እኔ ጠምጥሜ አውቃለሁ። አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ዲናሞ መጠምጠሚያ ቤት ነበር የምሠራው። የወፍጮ ዲናሞ ተቃጥሎ በጋሪ ይመጣል። ያስተማረን ሰውዬ፣ ጋሼ ነበር የምንለው፣ የተቃጠለውን ሽቦ ቆርጦ ያወጣና ዙሩን አንድ በአንድ ይቆጥራል። የሽቦውን ውፍረት በማይክሮሜትር ይለካል። ከዚያ ደብተሩን ያወጣል። ጠርዙ በቫርኒሽ የጠቆረ ባለ መስመር ደብተር ነው። የዲናሞው ማርካ፣ የፈረስ ጉልበቱ፣ የዙሩ ብዛት፣ የሽቦው ቁጥር፣ የአገናኘቱ ሥዕል፣ ሁሉም እዚያ አለ። የጣሊያን፣ የጀርመን፣ የቻይና፣ የህንድ። ከፋብሪካ የመጣ ማኑዋል የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ማኑዋሉ ያ ደብተር ነው። ማታ ማታ ቆልፎበት ይሄዳል።

ስለዚህ ቢንግሃምተን ያየሁት የጣት ሥራ ለእኔ እንግዳ አይደለም። እውነቱን ልናገር፣ ጋሼ ያቺ ወንበር ላይ ቢቀመጥ በሳምንት ውስጥ ከእነሱ እኩል ይሠራል። ልዩነቱን ያየሁት ከማሽኑ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እያንዳንዱ ትራንስፎርመር ተጠምጥሞ ሲያልቅ ይለካል። አምፕሊፋየሩ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ይለካል፤ ከነቁጥሩ ይመዘገባል። እኛ ቤት ልኬት ማለት ሶኬት ላይ መሰካት ነበር። አውቶማቲኩ ካልወደቀ ደህና ነው፣ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ። ከወደቀ እንደገና እንፈታለን። የኢንሱሌሽን መለኪያ የሚባለውን፣ ቫርኒሹ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አለማሳለፉን የሚፈትሸውን መሣሪያ፣ እኔ በእጄ የያዝኩት አሜሪካ መጥቼ ነው።

እነዚህ ሰዎች የመለካት ነገር አባዜ አለባቸው። ከ1962 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ገደማ መሣሪያቸውን ጭነው አሜሪካን ከሱቅ ሱቅ ይዞሩ ነበር። ማንም ሰው ቤቱ ያለውን አምፕሊፋየር ይዞ ይመጣል። የእነሱ ይሁን የተፎካካሪ አይጠየቅም። በነፃ ይለኩለትና ውጤቱን በግራፍ ወረቀት ላይ አድርገው ይሰጡታል። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ሲገባ ካታሎጉ ላይ የተጻፈው ውሸት መሆኑን ያውቃል። ሽያጭ ማለት እንዲህ ነው።

ስለ ቫልቮቹም ላንሳ፤ ጽሑፋችሁ የተነሳው ከዚያ ነውና። ማኪንቶሽ ቫልቭ ራሱ አይሠራም። ይገዛል። ዛሬ የዓለም ቫልቭ በብዛት የሚመጣው ከሩሲያዋ ሳራቶቭ፣ ከስሎቫኪያና ከቻይና ነው። በ2022 ሩሲያ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል እኛ ጠጋኞች ጉድ ፈላብን። ክልከላው በኋላ ላላ፤ ዋጋው ግን ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ታዋቂው ሞዴላቸው ኤምሲ 275 በአራት ኬቲ 88 ቫልቮች በእያንዳንዱ ቻናል 75 ዋት ይሰጣል። መጀመሪያ የወጣው በ1961 ነው። በ1970ዎቹ ተቋርጦ፣ በ1993 ለጎርደን ጋው መታሰቢያ ተብሎ እንደገና ተሠራ። ዛሬም ይሸጣል። ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል፣ አብዛኛው ትራንስፎርመር ነው። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ምሳችሁን አስጥላችኋለሁ። ድርጅቱ ራሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ2024 ቦስ የተባለው የአሜሪካ ስፒከር ሠሪ ገዝቶታል።

መጨረሻ ላይ ማዳመጫ ክፍል አስገቡን። እኔ የጥላሁን ገሠሠን ሸክላ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ሰዎቹ ሳያንገራግሩ አጫወቱልኝ። ድምፁ ክፍሉን ሞላው፤ ጭረቱም አብሮ ሞላው። ፈረንጆቹ ማን ነው ይሄ ሰውዬ እያሉ ጠየቁኝ። ባለቫልቭ ይሻላል ወይስ ባለትራንዚስተር የሚለው ክርክር ውስጥ ግን አልገባም። ስንት ወዳጆቼን አኳርፏል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አዲስ አበባ በነበርኩ ጊዜ የሙያ ብቃት ምዘና ልውሰድ ብዬ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። መጠምጠም ለብቻው ሙያ አይደለም፣ ኤሌክትሪሺያን ብለህ ተፈተን አሉኝ። ፈተናው ስለ ቤት መስመር ዝርጋታ ሆኖ አረፈው። ዛሬ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታጣራላችሁ። ግን ወፍጮው፣ የውሃ ፓምፑ፣ የእንጨት ቤቱ መጋዝ ሁሉ የሚሽከረከረው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ዲናሞው በተቃጠለ ቁጥር አዲስ ይግዙ ቢባል ዶላሩ ከየት ይመጣል?

ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺ ወደ ተክለ ሃይማኖት ላኩልኝ። ጠዋት ቢሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ባለዲናሞው ሁሉ ስለሚመጣ ማንም አያናግራቸውም። ጠምጣሚዎቹ ደብተራቸውን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። እሺ ካሉ አንዱን ገጽ እንዳለ አትሙት። የኢንሱሌሽን መለኪያ ያለው ቤት ስንት እንደሆነም ቁጠሩ። ከሌላቸው፣ እዚህ ያለን የሙያው ሰዎች ያገለገለ መለኪያ አሰባስበን መላክ እንችላለን። እኔ ሁለቱን ከወዲሁ አዘጋጅቻለሁ፤ ቀረጡን ማን እንደሚያስፈጽም ብቻ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አምፕሊፋየር ጠጋኙ አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ)