የተማሪዎቹ ኮሜዲ ሳይለዝብ መድረክ ያግኝ፦ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ በተማሪዎች ለተጻፉ ኮሜዲዎች የመንግሥት ቴአትር ቤት መድረክ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የቴአትር ጥበብ ተማሪዎች ለመመረቂያ ከጻፏቸው ተውኔቶች አንዱ በአዲስ አበባና በአሜሪካ መካከል በስልክ ስለሚካሄድ የትዳር ድለላ የሚያወራ ኮሜዲ ነው። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት መቁጠሩን ትተው የሙሽራውን ፓስፖርት ቀለም ይጠይቃሉ፤ ደላላዋም ሰማያዊ ፓስፖርት ላለው፣ ግሪን ካርድ ለያዘውና ገና «ፕሮሰስ ላይ» ላለው የተለያየ ዋጋ ትቆርጣለች። ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገችው የሙሽራው እህት ሙሽሪት ለምን ከጓዳ እንደማትወጣ ደጋግማ በመጠየቅ ሽምግልናውን ታተራምሰዋለች፤ ይህን ሁሉ የሴቶች መብት ስታስተምር ግን ቡና የምታቀርብላትን የቤት ሠራተኛ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም።

ተማሪዎቹ ጽሑፉን ለመድረክ ሲያቀርቡ ከአንድ ገምጋሚ አካል ያገኙት ምላሽ ዳያስፖራውን ስለሚያስቀይም ይለዝብ የሚል ነበር። በእኔ እምነት የተውኔቱ ፍሬ ነገር ያለው እዚያው ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው የገባ የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው የመኖሪያ ፈቃድ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግልና ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው፤ ቅድመ ሁኔታውን ለማስነሣትም በመደበኛው አሠራር ባልና ሚስት አብረው ፈርመው ማመልከት አለባቸው። በሁለተኛው ገቢር ሙሽራው እዚያ ሁለት ሥራ እየሠራ የቤት ኪራይ የሚያሳድደው ሰው መሆኑ ሲገለጥ፣ የቀረለት ብቸኛ ሥልጣን ይህ ፊርማ ነው፤ በየጠቡም ብዕሩን ከኪሱ እያወጣ መልሶ ይከትተዋል። አዳራሹን በሳቅ የሚሞላው ትዕይንት ይኸው ሲሆን፣ እንዲለዝብ የተጠየቀውም እርሱ ነው።

የዘመናዊ ቴአትራችን ታሪክ የሚጀምረው ከሩሲያ ተምረው በተመለሱት በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ኮሜዲ እንደሆነና ያም ተውኔት በቤተ መንግሥት ትእዛዝ እንደታገደ ሚኒስቴሩ ያውቃል። ከለንደን የተመለሱት መንግሥቱ ለማም በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» በአገር ቤት የጋብቻ ልማድ አስቀውናል። ከውጭ የመጣ ሰው በእኛ ልማድ መሳቅ ከተፈቀደለት፣ እዚህ ያደጉ ወጣቶች ከውጭ በሚመጣው ሰው የሚስቁበት ጊዜ ሲደርስ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ተውኔቱ እንከን የለውም አልልም፤ ሁለተኛው ገቢር ይረዝማል፣ ደላላዋም ከሚገባት በላይ ትጮኻለች። ይሁን እንጂ ኮሜዲ የሚታረመው ተመልካች በሚስቅበትና በማይስቅበት ቦታ ስለሆነ፣ በቢሮ ውስጥ በሚደረግ ስረዛ ሊቃና አይችልም።

ስለዚህ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ መድረክ ሆኖ ያገለገለው ብሔራዊ ቴአትር፣ መደበኛ ትርኢት ከሌለባቸው ምሽቶች አንዱን በየወሩ ለተማሪ ጸሐፊዎች እንዲሰጥ፣ የመግቢያውም ዋጋ ተማሪ የሚችለው እንዲሆን እጠይቃለሁ። ጽሑፎቹን የሚመረምሩ ገምጋሚዎችም አስተያየታቸውን በጽሑፍና በፊርማ እንዲሰጡ፣ መመዘኛቸውም የተውኔቱ አጻጻፍ እንጂ ማን ሊቀየም ይችላል የሚለው ግምት እንዳይሆን መመሪያ ይውጣ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሥነ ጥበብ ፈጠራን ነፃነት ማረጋገጡ ለዚህ በቂ መሠረት ነው። ሚኒስቴሩ ፈቃደኛ ከሆነ ተማሪዎቹ ያልተቀነሰውን ጽሑፍ ይዘው ለመቅረብና በባለሙያዎች ፊት ለማንበብ ዝግጁ ናቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የቴአትር መምህር