ማሽላው ካልሆነ ጤፍ፣ ጤፉ ካልሆነ ሽምብራ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። «አባዬ፣ የቆቦ ገበሬ የአየር ንብረት ለውጡን እንዴት እየቻለው ነው? ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው» ያልሽኝ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ጅጉርቲን ታውቂዋለሽ፣ ያደግሽበት ማሽላ ነው። ሚያዝያ ተዘርቶ ኅዳርን አልፎ ነው የሚታጨደው። አሁን ሚያዝያ ላይ እምነት የለም። ዝናቡ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ጭራሽ ይቀራል። ሲቀር ሰው ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ ይዘራል። እሱም ካልያዘ ሐምሌ ላይ ጤፍ። ጤፉም ከከዳ፣ መሬቱ እርጥበት ከያዘ በክረምቱ መውጫ ሽምብራ።

ታዲያ ደጋግሞ ለማረስ በሬ ይፈልጋል፤ ዘርም እንደዚያው። ባሏ የሞተባት፣ በሬ የሌላት ሴት የጎረቤት በሬ እስኪፈታ ስትጠብቅ እርጥበቱ ያልፋታል። ሲመራት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ስለዚህ ጽሑፍሽ ላይ «ገበሬው» ብለሽ በጅምላ አትጻፊ። የትኛው ገበሬ?

ስለ ምርጥ ዘሩ፣ ማለትም ቶሎ ስለሚደርሰው ማሽላ ደግሞ «ገበሬው ለምን አይቀበልም?» የሚሉ አሉ። ማን አልተቀበለም? ዝናብ ሲያጥር የሚያዋጣው እሱ መሆኑን እናውቃለን። ግን ባለሙያው የሚያየው የማሽላውን ራስ፣ ፍሬውን ብቻ ነው፣ እኛ አገዳውንም እናያለን። የጅጉርቲ አገዳ ሰው ይውጣል። ከብቱ በጋውን የሚከርመው በእሱ ነው፤ ማገዶውም፣ አጥሩም እሱ ነው። የአዲሱ ግን አጭር ነው። ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚደርስ የአገሩ ወፍ ተጠራርቶ ይሰፍርበታል። ያን ጊዜ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ፣ ትምህርቱም ይቀራል። እኔ ማሳዬን ከፍዬ ሁለቱንም እዘራለሁ። ይህን «ኋላ ቀርነት» የሚል ካለ አንድ በጋ በሬ ቀልቦ ይሞክረው።

የጎርፍ ጠለፋውን በደንብ ጻፊው። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ይዘንብና ጎርፉ አመሻሽ ላይ ይደርሳል። ድምፁ ሲሰማ እራት ጥሎ አካፋ ይዞ መሮጥ ነው። በድንጋይ፣ በአሸዋና በቅርንጫፍ ክትር ሠርተን ወደ ማሳ እንመልሰዋለን። ጎርፍ ጠግቦ የጠጣ መሬት እርጥበቱን ለሳምንታት ይይዛል፣ ደለሉም ማዳበሪያ ነው። ኃይለኛ ከመጣ ግን ክትሩን ጠራርጎ ይሄዳል፣ በማግስቱ ሀ ብሎ መጀመር ነው። ከላይ ያለው ቀድሞ ይጠጣል፣ ከታች ያለው ያጉረመርማል። ተራውን የሚዳኘው የውሃ አባት ነው። እሱ ባይኖር ከድርቁ በፊት እርስ በርስ እንጨራረስ ነበር።

ሴፍቲኔቱን፣ ለችግረኛ ቤተሰብ በሥራ ምትክ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠውን ፕሮግራም ታውቂዋለሽ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በእሱ እርከን ተሠርቷል፣ የእህል ክፍተትም ይሸፍናል። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የአስቸኳይ እርዳታ ሲፈልግ ያ ሁሉ አልበቃም። ይህን አትዝለዪው።

እናትሽ ሁለት ፍየል ገዝታለች። አገዳ ካነሰ ፍየል ይሻላል ባይ ናት። እኔ ገና አልተዋጠልኝም፣ አንቺ ስትመጪ ዳኚን። ለገና ስትመጪ ከውሃ አባቱ ጋር አገናኝሻለሁ። በገበያ ቀን ግን አታገኚውም፣ ወሬም ይወዳል፣ ሰፊ ደብተር ያዢ።

አባትሽ