ዘሃራ ቀስ ብላ ታንብብልህ

አሰላሙ ዐለይኩም አባ፤

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። አንተ «አይሰማም፣ አይሰማም» ትላለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ጎረቤቴ ግድግዳውን ይደበድባል። ደብዳቤ ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። ዘሃራ፣ ቡናው ካለቀ በኋላ አንብቢለት። ደስ የማይልሽ ቦታ ስትደርሺ ደግሞ ዘለሽ እንዳታልፊ፤ አውቅሻለሁ።

መጀመሪያ የዓይን ጠብታው። ያልተከፈተው ጠብታ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ማታ ማታ አንድ አንድ ጠብታ፣ ሳይረሳ። ግላኮማ እንደ ሞራ አይደለም አባ፤ ሞራ ይገፈፋል፣ ይኼኛው ግን የወሰደውን አይመልስም። የስኳር መለኪያውን ስትሪፕ በሰው ልኬያለሁ። «የየመኑ የዶዓን ማር መድኃኒት እንጂ ስኳር አይደለም» ማለትህንም ሰምቻለሁ። ማር ስኳር ነው።

ያሲን ኮሌጅ ገባልህ። ቁመቱ አንተን ሊያክል ምንም አልቀረው። አስተማሪያቸው አንድ የዐረብ አገር መርጣችሁ ታሪኩን፣ ባህሉንና ኢኮኖሚውን ባጭሩ ጻፉ ብላቸው ልጆቹ ዱባይን ሲሻሙ የእኔው «የአያቴ አገር» ብሎ የመንን ወሰደ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የመጀመሪያዋን መስመር አየሁ፦ «የመን ከዐረብ አገሮች ሁሉ ድሃዋ ናት»። ደሜ ፈላ። ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ግን የሰው ታሪክ ከኪሱ ይጀመራል? ሰርዘው አልኩት። ከዚያ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቁጭ ብለን፣ አንተ ደሴ ሱቃችን ውስጥ፣ ሚዛኑ አጠገብ የስኳር ጆንያ ላይ አስቀምጠህ የነገርከኝን ሁሉ ነገርኩት።

ከማሪብ ጀመርኩ። 600 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ግድብ ከሺህ ዓመት በላይ በረሃውን አትክልት ሲያደርግ እንደኖረ፣ ዕጣንና ከርቤ የጫነው ግመል ሁሉ በዚያ እያለፈ ቀረጥ እንደሚከፍል፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድቡ ፈርሶ ሕዝቡ እንደተበተነ፣ ቁርኣንም በሱረቱ ሰበእ እንደሚያነሳው። ንግሥቲቱ ላይ ስንደርስ እናንተ ትዝ አላችሁኝ። እማማ ረከቦቱን እያስተካከለች «ማክዳ የአክሱም ናት» ስትል አንተ «ቢልቂስ ናት፤ ዙፋኗ ማሪብ ነው፣ አምስቱ ዓምድ ሙሉ፣ አንዱ ጎራዳ፣ ሄደሽ ቁጠሪ» ትላታለህ። ያሲን «ታዲያ የማን ናት?» አለኝ። ወረቀትህ ላይ የሁለቱም በል፣ እኛ ቤት ግን የእማማ ናት አልኩት።

አጼ ካሌብ የናጅራን ክርስቲያኖች ታረዱ ሲባል በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ የየመኑን ንጉሥ ዙ ኑዋስን እንዳሸነፈው፣ በኋላ አብረሃ የሚባለው የሐበሻ የጦር አለቃ የመንን ለራሱ ይዞ ሰነዓ ላይ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን እንደሠራ፣ በዝሆን መካ ላይ የዘመተውንም ነገርኩት። ያሲን ይህን ከሁሉ ወደደው። ዛሬ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ቦታ ግንብ የታጠረ ጉድጓድ ነው፤ ከአያቴ ቤት ብዙም አይርቅም። የሰፈሩ ልጆች አፋፉ ላይ አቁመውኝ «የዘመዶችሽ ጉድጓድ» ይሉኝ ነበር። ይህንን ለያሲን አልነገርኩትም።

ቡናውን ግን አንተ በምትለው አወራሁት፦ ዛፉ የሐበሻ፣ አጠጣጡ የየመን። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሱፊዎቹ ለሌሊት ዚክር እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡት እንደነበር፣ ሞካ የዓለም ቡና በር እንደነበረች፣ ሆላንዶች ችግኙን ወስደው ጃቫ ላይ ሲተክሉት ሞካ እንደቀዘቀዘች። እማማ ቂሽራችሁን አይታ «ፍሬውን ለፈረንጅ ሸጠው ገለባውን ያፈላሉ» ያለችውም ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል። ለሑሑንም ጨምሯል፤ «የየመን እንጀራ» ብሎታል። በአብሽ አረፋ የሚቀርበውን ሰልታ ላሠራለት ሞክሬ ድንጋይ ድስት ስለሌለኝ ሽሮ መሰለ።

ከዚያ የአንተን ዘመን። ሰነዓ በኢማሞቹ፣ የመንን በሚገዙት የሃይማኖት ነገሥታት፣ ጊዜ ማታ ማታ በሯ ይዘጋ እንደነበር፣ ባብ አል-የመን ከተቆለፈ ውጭ የቀረ ውጭ እንደሚያድር። በ14 ዓመትህ ከአጎትህ ጋር በአህያና በእግር ኤደን ስትደርስ የእንግሊዝ መርከቦች ነዳጅ ሊቀዱ ተሰልፈው፣ ወደቡ በመብራት ነዶ አይተህ «ቂያማ መሰለኝ» ያልከውን። እንግሊዝ ኤደንን በ1839 ይዛ በ1967 ነው የለቀቀችው፤ ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፈው። በ1962 መስከረም ሰነዓ ላይ ኢማሙ ሲገለበጥ አንተ ደሴ ሆነህ የካይሮን ሬዲዮ ትሰማ ነበር። ለገበያተኛው ሁሉ ስኳር በነጻ ሰጠህ ይባላል። ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ኢማምነት በአንድ ሌሊት አለቀ ብለህ። ግን የግብጹ የናስር ወታደርና የሳዑዲ ገንዘብ ገብቶበት እስከ 1970 ተዋጉ። ደቡቡ ደግሞ ከእንግሊዝ ሲላቀቅ በዐረብ አገር ብቸኛው የማርክስ መንግሥት ሆነ። አንተ ከደርግ ሸሽተህ ወደ ሰሜኑ የሄድከው ለዚህ ነበር፤ «ከአንዱ ቀይ ወደ ሌላው ቀይ አልሄድም» ብለህ።

ይኸው ደረስኩበት።

ትርፍ ቤቱ ከተወረሰ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም.፣ እኔን ብቻ ይዘህ ሄድክ። አሥር ዓመቴ ነበር። ለምን እኔን እንደመረጥክ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁህም፤ ዘሃራም አልጠየቀችህም፤ እሷ ደግሞ ለምን እንዳልመረጥካት ነው። በዚያ ዓመት ሰነዓ ውስጥ ሁለት ፕሬዚዳንት ተገደለ፤ አል-ሐምዲ በጥቅምት፣ አል-ጋሽሚ በሰኔ። ቀጥሎ ሳሌህ መጣና 33 ዓመት ተቀመጠ። ገንዘብ ግን ነበር። የመናዊ ወንድ ሁሉ ሳዑዲ ነበር የሚሠራው፤ የሚልኩት ሪያል ነው አገሩን ያቆመው። እርሻው እርከኑ እየፈረሰ፣ ቡናው እየተነቀለ ጫት ሲተከል፣ ቤት ላይ ቤት ይሠራ ነበር። እናትህ ጎረምሳ ስለጠፋበት መንደር ታወራ ነበር።

የዒድ ማግስት ነው። በመፍረጁ፣ በላይኛው ፎቅ የእንግዳ ክፍል፣ እንግዶች ትራሳቸውን ተደግፈው ጫታቸውን ይቅማሉ። እኔ የቂሽሩን ሲኒ በትሪ ይዤ ያን ሁሉ ደረጃ ወጣሁ፤ ቤታችሁ ስድስት ፎቅ ነው። የቀመሪያው፣ የመስኮቱ ባለቀለም ብርጭቆ፣ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ትሪው ላይ ጥሎ ነበር፤ ሲኒዎቹ ቀለም የተነከሩ ይመስሉ ነበር። እንዳይፈስብኝ እሱን እያየሁ ስጎነበስ ያ ጺሙ በሒና የቀላው ሽማግሌ «ቢንት መን?» አለ። የማን ልጅ ናት?

አንተ ቅጠል እየመረጥክ ነበር። ቀና ሳትል «ሐበሺያ ናት» አልክ።

የተጠየቅከው አገሬን አልነበረም አባ።

ሰውየው ሽቁጥ ያልኩ የቤት ሠራተኛ መስዬው ከኪሱ አንድ ሪያል አውጥቶ ትሪው ላይ ጣለልኝ። አየኸው። ሌላ ጫፍ ቅጠል መረጥክ። «ሙወለድ»፣ ክልስ፣ የሚሉኝን ልጆች ችዬ ነበር፤ ልጆች ናቸው። እማማ «አንቱ በሉት» ስትለን «እኛ አገር አባት አንተ ነው የሚባለው፣ መካከላችን አጥር የለም» ያልከውን አምኜ ነው ያደግሁት።

ያቺ ሪያል አሁንም አለችኝ። ያሲን ለኢኮኖሚው ክፍል ምንዛሬ ሲያሰላ ሰጠሁት፤ ከየት እንደመጣች ሳልነግረው። ያን ጊዜ አንድ ዶላር አራት ሪያል ተኩል ገደማ ነበር። በ1990 ሰሜንና ደቡብ ተዋሐዱ፤ በዚያው ዓመት የመን በጸጥታው ምክር ቤት ኢራቅ ላይ ጦርነት ይከፈት የሚለውን ተቃወመች፤ ሳዑዲ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አባረረች። አጎቴ ከጂዳ በፍራሽና በአንድ የልብስ ስፌት መኪና የተመለሰው ያኔ ነው። ሪያሏ ከዚያ ወዲህ ቁልቁል ነው። ማሪብ ላይ በ1984 ነዳጅ ተገኝቶ ነበር፤ በ2001 አካባቢ በቀን ከ400 ሺህ በርሜል በላይ ደርሶ ቀነሰ። «ነዳጁ ሲወጣ ውሃው ገባ» ትል ነበር፤ የሰነዓ ጉድጓድ ለጫት ሲባል ዓመት በዓመት እየጠለቀ። ሑቲዎች ሰነዓን ይዘው ጦርነቱ ሲጀመር አንድ ዶላር 215 ሪያል ነበር። አሁን አንድ አገር ሁለት ማዕከላዊ ባንክ አለው። ሰነዓ አዲሱን ኖት አትቀበልም፤ ዶላሩ 530 ገደማ ነው። ኤደን ላይ በ2024 መጨረሻ ከ2 ሺህ አልፎ ነበር። ያሲን «እማ፣ ይቺ ሪያል ምንም አትገዛም» አለኝ። ድሮም አልገዛችም አልኩት፤ አልገባውም።

በ2015 ስትመጣ ከሞካ በጀልባ ጅቡቲ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጭነት መኪና። «ቡና በወጣበት ወጣሁ» ብለህ ሳቅክ አሉኝ። በዚያው ባሕር የወሎ ልጆች ወደዚያ ይሻገራሉ፤ በ2019 ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ከ130 ሺህ በላይ ሰው የመን ገብቷል፣ አብዛኛው የእኛ ሰው ነው፣ ሳዑዲ ልድረስ ብሎ። እማማ በሩን ከፍታ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ለእግርህ ውሃ አሞቀች። እኔ ብሆን አላሞቅም ነበር። አላህ ይማራት፣ እሷ ሌላ ነበረች።

ዘሃራ፣ ውሃ ስጪውና ቀጥዪ።

ሰነዓ ልቀበር እያልክ ነው። ከእናትህ አጠገብ። ዘሃራ ማታ ማታ ሻንጣህን እንደምታዘጋጅ ነግራኛለች። የምትሄድበት አውሮፕላን የለም አባ፤ ሰነዓ የቀረችው የመጨረሻዋ የአየር መንገዳችሁ የየመኒያ አውሮፕላን በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2017 ዓ.ም. በእስራኤል ድብደባ ተቃጥላለች። በኤደን ገብቶ በመኪና መሄድ አለ፤ በየኬላው እየወረድክ፣ አንዱ የሰጠህን ወረቀት ሌላው እየቀደደው።

ቤቱም። ይህን አምስት ዓመት ደብቄሃለሁ። በፈረንጅ በ2020 ነሐሴ የጣለው ዝናብ አሮጌውን ከተማ ብዙ ቤት ሲያፈርስ የእናንተም ላይኛዎቹ ሁለት ፎቆች ወረዱ። የአጎቴ ልጅ ፎቶ ልኮልኛል። ነጩ የጀሶ ጥልፍ እስከ አራተኛው ፎቅ አለ፤ ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። መፍረጁ የለም። ፎቶውን ሳየው ደስ እንዳለኝ ልንገርህና ገላግለኝ። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ስለ ቀመሪያው አለቀስኩ። ስር ያሉት ፎቆች እንዲጠገኑ በየወሩ ለልጁ የምልክለት አለ፤ ጭቃውና ጡቡ እንዳይቀየር፣ ሲሚንቶ እንዳይነካው ብዬዋለሁ።

ፓስፖርትህ አልጠፋም። ዘሃራን እንዳትቆጣት፤ ደብቂው ያልኳት እኔ ነኝ። እማማ ሳጥን ውስጥ፣ ከጥልፍ ቀሚሷ ስር ነው። ጊዜው አልፎበታል፣ መታደስ አለበት።

ብቻህን ግን አትሄድም። በአሜሪካ ፓስፖርት ሰነዓ መግባት እብደት ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። መንገዱ ሲከፈት እኔ እወስድሃለሁ። ኬላው ላይ አንዱ ጠመንጃ የያዘ ጎረምሳ መስኮቱን አንኳኩቶ ይቺ ማናት ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አንተ ነህ የምትመልሰው፤ እኔ ዝም ነው የምለው።

ዘሃራ፣ ለእድሳቱ አራት ጉርድ ፎቶ ይፈልጋሉ፤ ጀርባው ነጭ ይሁን። ፎቶ ቤት ስትወስጂው ቡናማ ኮቱን አልብሺው፣ ጠብታውንም ከመውጣታችሁ በፊት አድርጊለት።

ልጅህ፣
ፋጡማ